ወደ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ከመሄዳችሁ በፊት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚደረግ የተራራ ጉዞ ዝግጅት፣ ደረጃ በደረጃ

አርብ አዲስ አበባ አድሮ፣ ቅዳሜ ባሌ፣ ዲንሾ ከተማ ገብቶ፣ እሁድ ከፍታው ላይ ካልወጣሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሐይቁን ሳያይ ራሱን ይዞ ይመለሳል። ምክንያቶቹ ይደጋገማሉ። ገና ያልተለመደ ጫማ፣ የጥጥ ልብስ፣ ጥድፊያ። ከሁሉም በላይ ደግሞ “እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም” የሚል ልበ ሙሉነት።

ጋርባ ጉራቻ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ቦርቡሮ ትቶት በሄደ ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። አዲስ አበባ አብዛኛው ክፍሏ 2,300 እና 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ደገኛ መሆናችን ይጠቅመናል፣ ግን በመሃል ያለውን 1,500 ሜትር አይሞላልንም።

ከታች የምታነቡት በአብዛኛው ስለ እንጦጦና ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ስላለው የወጨጫ ተራራ ነው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታወቅ። እንጦጦ ወጥቶ መውረድ ሰውነትን ለባሌ ከፍታ አያለማምድም። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው ከፍታ ላይ ሲያድር ነው። እንጦጦ የሚፈትነው ጫማችሁን፣ ቦርሳችሁን፣ ጉልበታችሁንና አብረዋችሁ የሚሄዱትን ሰዎች ነው።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ምረጡ

1. ጉዞውን ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ አድርጉት። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል።
2. ልምምዱን ቢያንስ አምስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። አራት ቅዳሜና እሁድ ለመራመድ፣ የመጨረሻው ሳምንት ለማረፍ።
3. የመንገዱን ደኅንነት ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ጠይቁ። አንዱ በዚያ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ይሁን፣ ሌላው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉ። ለወጨጫም እንደዚሁ አድርጉ። ከተማው አፍንጫ ሥር ነው ብላችሁ አትዝለሉት።
4. የልብ ሕመም፣ አስም፣ ደም ማነስ ወይም እርግዝና ያላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትመዝገቡ። የከፍታ ሕመም መከላከያ የሆነውን አሴታዞላማይድ መውሰድ የምትፈልጉም እዚያው ጠይቁ። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 2፦ ዕቃ

ሁሉንም አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጃኬትና ጥሩ ሱሪ አይጠፋም። ገንዘባችሁን ጫማና የዝናብ ልብስ ላይ አውሉት።

*ጫማ።* ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። አንድ ቁጥር ያህል ሰፋ ያለ ውሰዱ። ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ወደፊት ስለሚገፋ፣ ልክክ ያለ ጫማ ጥፍር ያጠቁራል። ጫማው ሰልባጅ ከሆነ ሶሉን በእጃችሁ አጠፍ አድርጉት። ማስቲሹ ደርቆ ከሆነ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ወደ ጫማ ሰፊ ውሰዱና ዙሪያውን በክር አሰፉት። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ተራራ ላይ ሶል ከተላቀቀ ግን ጉዞው አበቃ።

*ልብስ።* በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 22 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ሐይቁ ዘንድ 12 ዲግሪ ቢሆን ነው፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ የማያስገባ ኮት። የጥጥ ቲሸርትና ጂንስ ቤት ይቅር፣ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ጋቢ ማታ ድንኳን ውስጥ ወርቅ ነው። ዝናብ ከነካው ግን ሸክም ብቻ ነው፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙት።

*ምግብ።* 4,000 ሜትር አካባቢ ውሃ የሚፈላው ወደ 87 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ምስርና ባቄላ ጋዝ ይጨርሳሉ እንጂ አይበስሉም። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ተምርና ኦቾሎኒ ያዙ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ጭኮውን ትታችሁ በሶና ኦቾሎኒ ጨምሩ። ባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊራመድ ያሰበ ሰው ግን ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ቢያደርገው ይሻለዋል።

*ሌሎች።* የራስ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ የሕይወት አድን ዱቄት፣ ፓወር ባንክ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ክሬም። ከፍታ ላይ ፀሐይ ቢቀዘቅዝም ቆዳ ያቃጥላል። ዱላ አትናቁ። ሊሰበር የማይችል ተራ የእረኛ ዱላ ከቀጭን የብረት ዱላ ብዙም አያንስም።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እንጦጦ ያለ ሸክም

1. ከጠዋቱ 12:30 ላይ ሽሮ ሜዳ ተገናኙ። ሲመሽና ጎህ ሳይቀድ ደኑ ውስጥ አትግቡ፣ ጅብ አለ። ብቻችሁንም አትሂዱ። ቢያንስ ሦስት ሁኑ፣ ስልክ በእጅ ይዞ መራመድም ይቅር።
2. ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን አስፋልት ያዙ። ሚኒባስ አለ፣ አትሳፈሩ።
3. የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ሆን ብላችሁ በጣም ቀስ በሉ። መለኪያው ቀላል ነው። ሳታቋርጡ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። አትሌቶች በአጠገባችሁ ሽው ሲሉ አትከተሏቸው።
4. እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች መንገድ ልቀቁ። ሸክም ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆም ከመራመድ ይከብዳል።
5. በየሰዓቱ 10 ደቂቃ እረፉ። ስትቆሙ ጃኬት ልበሱ፣ ስትነሱ አውልቁ። ብዙ ሰው ግልባጩን ያደርጋል። ሲራመድ ጃኬት ለብሶ በላብ ይረጥባል፣ ሲቆም ደግሞ ይንዘፈዘፋል።
6. ላይ ስትደርሱ ጫማችሁን አውልቁና እግራችሁን እዩ። የቀላ ቦታ ካለ አሁኑኑ ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ።
7. የወጣችሁበትን ሰዓትና የከፍታውን ልዩነት ከስልካችሁ ካርታ ላይ ጻፉ። 300 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀባችሁ ማወቅ አለባችሁ። በኋላ የባሌውን ቀን የምታሰሉት በዚህ ነው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ መራመድ ካልቻላችሁ ሁለተኛውን ሳምንት አትጀምሩ። ይህንኑ ድገሙት።

ደረጃ 4፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት፣ በሸክም

አሁን ቦርሳው ይምጣ። ስምንት ኪሎ ይበቃል። የክብደት መለኪያ ከሌላችሁ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በውሃ ሞልታችሁ ጨምሩ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ላይ ደርሳችሁ ጉልበታችሁን ካመማችሁ ውሃውን ደፍታችሁ ቀልላችሁ ትወርዳላችሁ።

ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ፣ ወደ ትከሻ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የወገቡን ቀበቶ ቀድማችሁ እሰሩ፣ የትከሻውን ቀጥላችሁ። ሸክሙ ወገብ ላይ ካላረፈ ማታ አንገታችሁ ይናገራል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አስፋልቱን ትታችሁ ሸንተረሩን ተከተሉ። የእንጦጦ ሸንተረር እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በእንጦጦ ፓርክ ውስጥ የምትሄዱ ከሆነ የሚጠየቅ ክፍያ ካለ ከፍላችሁ በተሰመረው መንገድ ብቻ ተጓዙ። ዝናብ ካለ አትመለሱ፣ ደስ ይበላችሁ። ኮቱ ያፈስ እንደሆነ የምታውቁት ዛሬ ነው፣ ታክሲም ቅርብ ነው። መብረቅ ካለ ግን ይህ አይሠራም።

ቁልቁለቱን አትናቁ። ጉልበት የሚጎዳው ስንወጣ ሳይሆን ስንወርድ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት የጫማውን ክር ከላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ዱላውን ከእግራችሁ ቀድማችሁ ትከሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል የወደቀበት ተዳፋት ሲረጥብ ሳሙና ነው።

ደረጃ 5፦ አራተኛው ሳምንት፣ ወጨጫ

ይህ ፈተናው ነው። ወጨጫ 3,385 ሜትር ነው፣ መንገዱ የሚያልፈውም በመናገሻ ሱባ ደን ነው።

1. ከሰበታ በኩል ወይም ከሆለታ በኩል ይገባል። ሁለቱም ወገን አስፋልቱን ከለቀቃችሁ በኋላ መንገዱ ሻካራ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ይዛችሁ ዝናብ በዘነበ ማግስት አትሂዱ።
2. ከከተማ 11:30 ላይ ተነሱ። በሩ ላይ ክፍያችሁን ፈጽሙና አካባቢውን የሚያውቅ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ጠይቁ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። “አካም ጅርቱ” ብሎ ሰላምታ መስጠትና “ገለቶማ” ብሎ ማመስገን አይከብድም።
3. የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀረውም፣ ዙሩ። ይህንን ሕግ እንዲያስከብር አንድ ሰው ምረጡ፣ ግን ከቡድኑ ውስጥ ጫፍ ለመድረስ በጣም የሚጓጓውን አትምረጡ።
4. በደኑ ውስጥ ብዙ የእግር መንገድ ይቆራረጣል። ከብትና እንጨት ለቃሚ የሠራው መንገድ ሁሉ ወደ ጫፍ አይወስድም። በየመገንጠያው ቁሙ፣ ወደ ኋላ ዞራችሁ ተመልከቱ፣ ፎቶ አንሱ። ስትመለሱ የምታዩት ያንን ገጽታ ነው።
5. ዛፎቹን አስተውሉ። ታች ረጃጅም ጥድ ነው፣ ከፍ ሲል ኮሶ ይበዛል፣ ከዚያ አጭሩ አስታ ይጀምራል። አስታው ውስጥ ከገባችሁ የላይኛው ክፍል ላይ ናችሁ። ጉሬዛ ካያችሁ ምግብ አትስጡ።
6. ጉም ከመጣ እዚያው ቁሙ። የወጨጫ አደጋው በሌላ ጎን መውረድ ነው። አንዱ ጎን ወደ ሰበታ፣ ሌላው ወደ ሆለታ ያወርዳል። ተሳስታችሁ ከወረዳችሁ መኪናችሁ ተራራው ማዶ ይቀራል።

በማግስቱ እሁድ ሁለት ሰዓት ተራመዱ፣ ሜዳም ቢሆን። የባሌ ጉዞ ከቀን ወደ ቀን የሚቀጥል ስለሆነ፣ የደከመ እግር እንዴት እንደሚያደርጋችሁ አሁን እወቁ። ደረጃ መውረድ ካቃታችሁ ሁለት ሳምንት ጨምሩ። የጉዞው ቀን ተቆርጦ ከሆነ የቡድኑን ቀን አስቀይሩ። ቀብድ ተከፍሏል ብሎ መሄድ ዋጋው ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ ባሌ ስትደርሱ፣ የማደሪያ ሰሌዳ

ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ።

1. የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ።
2. ሁለተኛውን ቀን እዚያው አካባቢ ተራመዱና አሁንም ዲንሾ እደሩ። ሰው ቀን ለመቆጠብ ሲል የሚሰርዘው ይህንን ነው፣ የሚታመመውም በዚሁ ነው። ቀኑ አይባክንም፣ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ታያላችሁ። ክፍያችሁን ፈጽሙ፣ መንገድ መሪና የጭነት ፈረስ ተስማሙ።
3. ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን የማደሪያችሁ ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። በቀን ከዚያ በላይ ወጥቶ ማታ መውረድ ይቻላል። የሚቆጠረው የምትተኙበት ቦታ ነው።
4. ወደ ሐይቁ የምትሄዱበትን ቀን በራሳችሁ ፍጥነት አስሉ። እንጦጦ ላይ በጻፋችሁት ሰዓት ላይ ግማሹን ጨምሩበት። እንጦጦ ላይ 300 ሜትር በአንድ ሰዓት ከወጣችሁ፣ እዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።
5. አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት አትውሰዱ። አረቄ ያሞቃል የሚለውን እርሱት። ደም ወደ ቆዳ አውጥቶ የሰውነትን ሙቀት ያስጨርሳል።
6. ውሃ ከምንጭ ከቀዳችሁ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ።

ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥልቀት የሌላቸው ትናንሽ ሐይቆች አሉ። ውብ ናቸው፣ ጋርባ ጉራቻ ግን አይደሉም። ጋርባ ጉራቻን ለማየት ከመኪና ወርዶ በእግር ወይም በፈረስ መሄድና ድንኳን ይዞ ማደር ነው። ከመንገድ መሪው ጋር ስትዋዋሉ የሐይቁን ስም ጠርታችሁ ተስማሙ።

ድንኳኑን ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር አርቃችሁ ትከሉ። መጸዳጃም እንደዚያው ይራቅ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ። ሳሙና ሐይቁ ውስጥ አይግባ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ቆማችሁ እዩ፣ አትከተሉ፣ ምግብ አትወርውሩ። ውሻ ይዞ መሄድማ አይታሰብ፣ ቀይ ቀበሮዎችን ከሚጨርሷቸው ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት።* የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ተነሱ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ። ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጥቂት ብሉ፣ ፓራሲታሞል ውሰዱ። ባላችሁበት እደሩ። ጠዋት ካልተሻላችሁ ወደ ላይ አንዲት እርምጃ አትጨምሩ። እየባሰ ከሄደ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ውረዱ። ብዙ ሰው ቡድኑን ላለማዘግየት ደብቆ ይሄዳል። ስለዚህ ማታ ማታ እያንዳንዱን ሰው በስም እየጠራችሁ “ራስህን እንዴት ነው? በላህ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።

*እየተንገዳገደ የሚሄድ ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀ ሰው።* መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዝን ከጣት እያገናኘ እንዲራመድ አድርጉ። ካልቻለ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን አሁኑኑ ይውረድ፣ ብቻውንም አይሁን። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ አክታው ሮዝ የሆነም እንዲሁ፣ እሱን በፈረስ አውርዱት። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ሰው ይገድላል።

*የረጠበና የሚንቀጠቀጥ ሰው።* ከነፋስ አስጠልሉ፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱ፣ ከመሬት በምንጣፍ ለዩት፣ ጣፋጭ ትኩስ ሻይ ስጡ። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው በራሱ ከቆመና ሰውየው ከደነዘዘ ብሷል ማለት ነው። አታሹት፣ አታስሮጡት። ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብብቱ ሥር አድርጉና ሰው ጥሩ።

*መብረቅ።* ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ አደጋ ውስጥ ናችሁ። ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ከነጠላ ዛፍ ራቁ፣ ተበታትናችሁ ቁጢጥ በሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

*መንገድ ጠፋ።* ቁሙ። የወጣችሁበትን ፎቶ ክፈቱ፣ ቀድማችሁ ያወረዳችሁትን ካርታ እዩ። የመጨረሻውን እርግጠኛ ቦታ ካወቃችሁት ወደዚያ ተመለሱ። ካላወቃችሁት አትንቀሳቀሱ። ሦስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ቆዩ፣ ድገሙ። ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ደረት ኪስ ውስጥ ያዙት፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

*እግር ውሃ ቋጠረ።* አታፍርጡት፣ ቆዳውንም አትላጡት። መሃሉ የተቀደደ ወፈር ያለ ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉ፣ ካልሲ ቀይሩ። ራሱ ከፈረጠ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ሸፍኑ።

*የእረኛ ውሻ መጣ።* አትሩጡ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ አብዛኛው እዚያው ይቆማል። ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ አፈግፍጉና እረኛውን ጥሩ። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ጉዞውን አቋርጣችሁ የዚያኑ ቀን የእብድ ውሻ ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ሂዱ፣ ጭረት ብቻ ቢሆንም።